በርቴ ውሃ ጠማት

ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በርቴ የምትባል የቆላ መንደር ውሃ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ዝናብ ከራቃት ሁለት ዓመት አልፏታል፤ የምትጠጣው ሹፌሩ ደርበው በቦቴ የሚያመጣላትን ነበር። የቦቴው ሞተር ግን ነክሶ አልዞር አለና ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ተገጠመለት። ይኸው አምስተኛ ቀኑ፣ ቁልፍ ሲመታ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ከበርቴ ስልክ ይደወላል። "ደርበው ወንድሜ፣ ፍየሎቹ አለቁ፤ አሁን ሞቱ ወደ ሰው ዞሯል" ይሉታል።

ደርበው መካኒኩን ሙሂዲንን ያዘው። "ሞተሩን የገጠምከው አንተ ነህ፤ ለምን አይነሳም?"

"ሞተሩ ምን ያድርግ? ኮምፒውተሩ ናፍጣ አልሰጥም አለው።"

ኮምፒውተሩ ናፍጣ አይሰጥ፣ ሞተሩ አይነሳ፣ ቦቴው አይሄድ፣ በርቴ አትጠጣ።

"ኮምፒውተሩስ ምን ሆንኩ ይላል?"

ሙሂዲን መመርመሪያውን ሰክቶ አነበበ። "የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ዝም ብሎታል። መዞሩን ካልነገረው ናፍጣ አይለቅም።" ሴንሰሩን በአዲስ ቀየሩት። አዲሱም ዝም አለ።

ሴንሰሩ አይናገር፣ ኮምፒውተሩ ናፍጣ አይሰጥ፣ ሞተሩ አይነሳ፣ ቦቴው አይሄድ፣ በርቴ አትጠጣ።

"ሁለት ሴንሰር በአንዴ አይበላሽም" አለ ሙሂዲን ላቡን እየጠረገ። "ገመዱ ነው። ገመዱ የአሮጌው ሞተር፣ ሴንሰሩ የአዲሱ፤ ክሮቹ ቦታቸው ተምታቷል። በግምት ባገናኘው ኮምፒውተሩን አቃጥለዋለሁ። የሚያውቀው ይመር ነው፤ እሱ ደግሞ ሥራ ትቷል።"

ገመዱ አያደርስ፣ ሴንሰሩ አይናገር፣ ኮምፒውተሩ ናፍጣ አይሰጥ፣ ሞተሩ አይነሳ፣ ቦቴው አይሄድ፣ በርቴ አትጠጣ።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይመር ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደርበው ሳይጨርስ "አልነካም" አለው። "አምና የሠራሁት ገመድ ተቀጣጥሎ ሹፌሩ ከማል ከነመኪናው ነደደ። ሚስቱ ሰዓዳ በቀብሩ ላይ 'እጅህ ገመድ አይንካ!' ብላ ረገመችኝ። እሷ ካላነሳችልኝ አልነካም።"

ሰዓዳ እርግማኗን አታነሳ፣ ይመር ገመዱን አይነካ፣ ገመዱ አያደርስ፣ ሴንሰሩ አይናገር፣ ኮምፒውተሩ ናፍጣ አይሰጥ፣ ሞተሩ አይነሳ፣ ቦቴው አይሄድ፣ በርቴ አትጠጣ።

ደርበው ሰዓዳን ምስር ስትለቅም አገኛት። የመጣበትን ሲነግራት ቀና ብላም አላየችው። "ከከማል ገዳይ ጋር ታረቂ ነው የምትለኝ?"

ያኔ የደርበው ስልክ ጮኸ፤ ከበርቴ ነበር። ማንሳት ፈራ። ሰዓዳ ከእጁ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ብዙ አዳመጠች።

"ይቅር አላልኩትም" አለች ስልኩን እየመለሰች። "እስክሞትም አልለው ይሆናል። እርግማኑን ግን አንስቻለሁ። ከማልን ያቃጠሉት የበርቴ ልጆች አይደሉም። ሂድ ንገረው።"

ሰዓዳ እርግማኗን አነሳች፣ ይመር የተምታቱትን ሁለት ክሮች አቀያየረ፣ ገመዱ አደረሰ፣ ሴንሰሩ ተናገረ፣ ኮምፒውተሩ ናፍጣ ሰጠ፣ ሞተሩ ተነሳ። ይመር ግን ገመዱን በመዳፉ ጨብጦ ቆየ፤ እንዳይግል ፈርቶ። ሙሂዲን ትከሻውን ይዞ አስለቀቀው። ቦቴው ሄደ።

በርቴ ሲደርስ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፎ ነበር። የሚጋፋ አልነበረም። የመጀመሪያው ጀሪካን ሲሞላ አንድ ሽማግሌ ወደፊት መጡ፤ ሰልፉ መንገድ ለቀቀላቸው።

"ይጠጡ እንጂ አባባ" አላቸው ደርበው።

"ለመጠጥ አይደለም ልጄ። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት አረፈች። አስከሬኗን የምናጥብበት አጥተን ነው።"

ደርበው ጀሪካኑን ተሸክሞላቸው እስከ ቤታቸው ሄደ። እሱ እስኪመለስ አፉን ያረጠበ አልነበረም።

ከዚያ በርቴ ጠጣች።