«ሰው የለኝም» የሚለው ባለ ፍየል

አንድ ሰው ነበረ። ፍየሎች ነበሩት፤ አንዲት ላም፣ አንድ አህያና ጥቂት ዶሮዎችም ነበሩት። ሀብታም የሚባል አልነበረም፤ ግን እንስሶቹ ከመንደሩ እንስሳት ሁሉ የፋፉ ነበሩ።

እማሆይ ጽጌ ምሳሌውን እንዲህ ብለው የጀመሩት ዘርፌ ለምትባል ሴት ነው። ዘርፌ የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷን ታስታምማለች። የዚያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ በእማሆይ ደጃፍ ተቀምጣ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ «እማሆይ፣ ሰው ሁሉ ይረዳዳል፤ እግዚአብሔር ለእኔ ለምን አንድ ሰው እንኳ አይልክልኝም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማሆይ መልስ ለመስጠት የሚቸኩሉ ሴት አይደሉም። ጉልበታቸውን እያሹ ስለዚያ ሰው ያወሩላት ጀመር።

ሰውዬው ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ፍየሎቹ ያደሩበትን ጉሮኖ ይጠርጋል፣ ፍጉን ያወጣል፣ ላሟን ያልባል፣ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ያገናኛል፣ ዶሮዎቹን ከቆጥ ያወርዳል። ከዚያ ፍየሎቹን ወደ ቁጥቋጦው ይነዳል። ሲመለስ ያንኑ ሥራ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይደግመዋል። ወገቡን ከያዘው ቆይቷል። ራት ቀርቦለት የቆረሰውን ሳይጎርስ ያንቀላፋል። ድካሙ የእውነት ድካም ነበር፤ ይህን ያዢልኝ።

ሚስት ነበረችው፤ መርዳትም አልጠላችም። አንድ ጠዋት ቀድማው ተነሳችና አንዲቱን እናት ፍየል አለበች። ለግልገሉ ያስተረፈችው ግን ትንሽ ነበር። ሰውዬው መጣ፣ ጡቱን ዳበሰ፣ «ተይው፣ አንቺ አትችይበትም» አላት። ስድብ አይደለም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ከዚያ ወዲያ ግን ሴትዮዋ ማለቢያውን አልነካችም።

ታናሽ ወንድሙ ደግሞ አጥር ለአጥር ጎረቤቱ ነበር። በበጋ ሣሩ ሲያልቅ የግራር ቅርንጫፍ እየቆረጠ ያመጣለታል። ፍየል መሬት ላይ የተረገጠ ቅጠል እንደማትበላ ታውቂያለሽ፤ በምግብ እመቤት ናት። ወንድምየው ግን ቅርንጫፉን እንዳመጣ መሬት ላይ ይጥለዋል። ሰውዬው ምንም ሳይናገር፣ ወንድሙ እዚያው ቆሞ እያየው፣ አንድ በአንድ እያነሳ አጥሩ ላይ ያንጠለጥለዋል። ወንድምየው ጥቂት ጊዜ ይህን አየና መምጣቱን ተወ። ማን ይፈርድበታል?

ሰውዬው «ሰው የለኝም» ማለት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በሰንበቴ ይለዋል፣ ለቅሶ ቤት ይለዋል፣ በገበያ መንገድ ያገኘውን ሁሉ አቁሞ ይለዋል። ሰዎች ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል፤ እሱም ጥቂት ቀለል ይለዋል። የደከመ ሰው የሚያዝንለት ቢፈልግ አይገርምም።

ሌላም ነገር አለ። እንስሶቹን ራሱን ብቻ አስለምዷቸው ነበር። ፍየሎቹ ከእሱ ፉጨት በቀር ማንም ቢጠራቸው ቀና አይሉም። ላሟ ለሌላ እጅ ወተቷን አትለቅም። ማንም ሰው ወደ ጉሮኖው ሲጠጋ «እንዳይደነግጡብኝ» እያለ ይመልሰዋልና፣ ከየት ሌላ ሰው ይልመዱ? እንግዳ ሲመጣበት ደግሞ ሆን ብሎ፣ «እስቲ ጥራቸው» ይለዋል። እንግዳው ይጣራል፤ ፍየሎቹ ዝም። ከዚያ እሱ አንዴ ያፏጫል፤ ግር ብለው ይመጣሉ። «አየህ፣ ያለ እኔ አይሆንላቸውም» ይላል። የሚናገረው እንደሚያማርር ሰው ነው፤ ፊቱ ግን የሚያማርር ሰው ፊት አልነበረም።

ክረምቱ ወጥቶ ወባ ሲነሳ ሰውዬውን ያዘው። ጠዋት ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። ሚስቱ ወንድምየውን ጠራችው፤ እሱም ያለፈውን ሳያነሳ መጣ። ሁለቱ ተያይዘው ወደ ጉሮኖው ሄዱ።

ሰውዬው ከተኛበት ሁሉን ይሰማል። ወንድሙ ሲያፏጭ፣ ፍየሎቹ ወደ ጥግ ሲተራመሱ፣ ማለቢያው ተረግጦ ሲንከባለል፣ ሚስቱ «ኧረ በእመቤቴ» እያለች ስትለምን ሰማ። እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ደስ አለው። ትኩሳቱ እያቃጠለው፣ በልቡ «እንዲህ ነው እንግዲህ» አለ።

ረፋዱ ላይ ግን ጩኸቱ ተለወጠ። ፍየሎቹ ከጉሮኖው አልወጡም፤ ውኃም አልጠጡም። ላሟ እምቧ ማለቷን አላቆመችም። መንታ የወለደችው ፍየል ጡቷ ተወጥሮ ማንንም አታስጠጋም፤ ከማመሙ የተነሳ የገዛ ግልገሎቿን ትገፋለች። ሰውዬው የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ለይቶ ያውቀዋል። ወተት እንዳጋተ የዋለ ጡት እንደሚበላሽ፣ ጡቷ የተበላሸ ፍየልም ግልገል እንደማታሳድግ ያውቃል። እንደምንም ተነሳ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ወደቀ። ደግፈው መልሰው አስተኙት።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ክንዷ ላሟ የረገጠቻት ቦታ ላይ በልዟል። ልትወቅሰው ትችል ነበር።

«አያውቁንም» አለች። «ብንለምናቸውም አያውቁንም።»

ሌላ አልጨመረችም።  ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ የተጠቀለለበትን ጋቢ ከላዩ ገፈፈና ሰጣት። ሲያልብም ሲያግድም የሚለብሰው ነው፤ ፍየል ፍየል ይሸታል።

«ልበሺው» አላት።

«ብርዱ ይገልሃል እኮ።»

«ልበሺው ስልሽ። ስትገቢ ከፊት ሳይሆን በጎን ግቢ። መጀመሪያ ያሽትቱሽ፤ አትቸኩይባቸው። ለመንታዋ አንዱን ግልገሏን አስጠጊላት፣ እሱ ጥቂት ሲጠባ እለቢ።» ወደ ወንድሙ ዞረ። «አንተ ደግሞ ፉጨትህ ያጥራል። ስማኝ።»

በደረቀ ከንፈሩ ለማፏጨት ሞከረ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደገመው። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ አፉ አስጠግቶ አዳመጠው፤ እስኪይዘው ድረስ አብሮት አፏጨ።

ሴትዮዋ ጋቢውን ለብሳ ገባች። ፍየሎቹ አሸተቷት። መንታ የወለደችው ትንሽ ካመነታች በኋላ ቆመችላት። ሰውዬው ራቁቱን ሊሆን ምንም ሳይቀረው መደቡ ላይ ተኮራምቶ፣ ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ሲወርድ ሰማ። ደስ ያለው ይመስልሻል። ደስ አላለውም፤ አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት «ያለ እኔ አይሆንላቸውም» ሲል የኖረላቸው ፍየሎች ለካ የሚያውቁት ጋቢውን ኖሯል። አፈረ፤ ቅናትም ያዘው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው፤ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከተኛ ብዙ ጊዜው ነበር።

ዳነ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሰመረ ብዬ አልዋሽሽም። ሚስቱ አሁንም አንዳንዴ አብዝታ ታልባለች። ወንድሙ አንድ ቀን ፍየሎቹን የሰው ማሽላ ውስጥ አስገባቸውና ሰውዬው ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሲጠይቅ ዋለ። ግልገሎቹም እንደ ድሮው አልፋፉም። መሬት ላይ የተጣለ ቅርንጫፍ ሲያይ ለማንሳት እጁን ይበላዋል፤ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። ከእንስሶቹ ሥራ ሁሉ የከበደው ይህ ማለፍ ነበር። ወገቡ ግን ቀጥ እያለ ሄደ፤ «ሰው የለኝም» ማለቱንም ተወ።

እማሆይ ጽጌ ይህን ብለው ወደ ዘርፌ ዞሩ።

«ለምን ሰው አይልክልኝም አልሽኝ። ልኮልሽ ነበር፣ ልጄ። በፍልሰታ ሰሞን እህትሽ መጥታ እናትሽን ብታጥባት፣ ገና ከደጅ ሳትወጣ አንቺ እንደገና አጠብሻት። የወንድምሽ ሚስት ያመጣችውን አጥሚት ቀጥኗል ብለሽ ደፋሽው። ይህን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ፤ ያውም እየሳቅሽ። ያ ሰው አንቺ ነሽ። ድካምሽን አልጠራጠረውም፤ ዓይንሽ ይመሰክራል። ግን ‹እናቴ ከእኔ እጅ በቀር አትጎርስም› ስትዪ ፊትሽን አይቼዋለሁ።»

ዘርፌ አንገቷን ደፋች። «ሌላ ሰው ሲያጎርሳት ይንጠባጠብባታል» አለች ቀስ ብላ።

«ይንጠባጠብ» አሉ እማሆይ። «አንገቷ ይጠረጋል። ነገ አንቺ ብትወድቂ ግን፣ የሌላ ሰው እጅ ያላስለመድሻት እናትሽ ምግቡ ፊቷ ተቀምጦ ትራባለች። ያን ጊዜ የሚገድላት በሽታዋ አይደለም። አሁን ሂጂና እህትሽን ጥሪያት፤ እንዴት እንደምታጎርሻት አሳዪያት። ከዚያ ቤቱን ትተሽላት ነይ። እዚህ መጥተሽ ተኚ፤ መደቡ ባዶ ነው።»