ሙሉውን ላክልኝ

አንዲት ሴት ነበረች። ጫማ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ የስፌት ክፍል ኃላፊ።

ጫማ ፋብሪካ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ የስፌት ክፍል ጸጥታ የሚባል ነገር የለውም። መኪናው ይጮኻል፣ ሴቶቹ ከመኪናው በላይ ይጮኻሉ። ይቺ ሴት ልጃገረድ ሆና ገብታ፣ እዚያው እየሠራች ተድራ፣ እዚያው እየሠራች ልጆቿን አስተምራለች። ስሟ ወይንሸት ነው። ፋብሪካው በሙሉ ግን እትዬ ይላታል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ፣ አቶ ልዑልሰገድ፣ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ቁጭ በይ ወይንሸት» አሏት።

አለቃ ቁጭ በይ ሲል ደስ አይልም፤ አይደል? ደግ ወሬማ ቆመንም እንሰማዋለን!

«የስፌት ክፍሉን ልንዘጋው ነው» አሏት። «የተሰፋውን ከሌላ ፋብሪካ እየገዛን፣ እኛ ሶል መግጠም ብቻ እንሠራለን። ነገ ለሴቶቹ ንገሪልኝ።»

«ምን አጠፋን?»

ኮምፒውተራቸውን አዞሩላት። ኢሜይል ነው። ጫማውን የሚገዛው የባሕር ማዶ ደንበኛ ጽፎት፣ ምክትላቸው ምትኩ ነው ያስተላለፈላቸው። እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው ጭነት ስፌቱ ተተርትሯል። ሱቆቹ መልሰውብናል። በዚህ ዓይነት ስፌት ከእናንተ ጋር መቀጠል አንችልም።»

በቃ። ሌላ የለም።

«የስፌቱን ክር ከለወጥን በኋላ የሄደው ጭነትስ? ስለ እሱ ምንም አላለም?»

«የመጣው ይኸው ነው።»

ወይንሸት ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ነገ ለእነዚያ ሁሉ ሴቶች ምን ትበል? ልትወልድ ቀኗ ለደረሰው ለሸጊቱ ምን ትበል? «ሂጂ፣ ጨርሰናል» ይባላል?

ግን አንድ ነገር ቆረቆራት። ደብዳቤው ሰላምታ የለውም። ስንብት የለውም። ከመሃል ተነሥቶ መሃል ላይ ይቆማል። ሰው እንዲህ ይጽፋል? የተቆጣ ሰው እንኳ ስሙን ከታች ያኖራል!

ወደ ምትኩ ቢሮ ሄደች።

ምትኩን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታስቡብኝ። ትጉህ ነው። ጭንቀቱ ሌላ ነበር፤ አለቃው ረጅም ጽሑፍ አይወዱም። «ፍሬ ነገሩን ብቻ ላክልኝ» ይሉታል። እሱም ይቆርጣል፣ ያሳጥራል፣ ይልካል።

ኢሜይል የማትጠቀሙ እናቶች አላችሁና ላስረዳችሁ። የደረሳችሁን ኢሜይል ለሌላ ሰው በሁለት መንገድ ማስተላለፍ ትችላላችሁ። በአንደኛው መንገድ ጽሑፉ ተዘርግፎ የእናንተ ደብዳቤ ውስጥ ይገባል። ያኔ እጃችሁ ይደርስበታል፤ ከላይ ብትቆርጡ፣ ከታች ብትቆርጡ የሚከለክላችሁ የለም። ሁለተኛው አታች ማድረግ ነው። ያ እንደ ታሸገ ፖስታ ነው። ከነላኪው፣ ከነቀኑ፣ ከነሰላምታው እንዳለ ይሄዳል፤ ተቀባዩ ራሱ ከፍቶ ያነበዋል።

ምትኩ የትኛውን ያደረገ ይመስላችኋል?

«ምትኩ ወንድሜ፣ የደንበኛውን ኢሜይል ላክልኝ» አለችው።

«አቶ ልዑልሰገድ አሳዩሽ አይደል እንዴ እትዬ?»

«እሱ ከመሃል የተወሰደ ነው። ሙሉውን ላክልኝ። እንዳለ፣ አታች አድርገህ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ዋሽተሃል ነው የምትይኝ? አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም!»

«መጨመርህን መች አልኩ? የቀነስከውን ነው የምጠይቅህ።»

ወገኖቼ፣ ይህቺን ቃል ስሟት። የጨመርከውን አይደለም፤ የቀነስከውን!

«ስብሰባ አለብኝ እትዬ።»

«እኔም ነገ ስብሰባ አለብኝ፤ እህቶቼን የማሰናብትበት» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ምትኩ ተናደደ። ልኮላት ሊገላገል ኢሜይሉን ከፈተ። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣ እጁ ቀጥ አለ። ደጋግሞ አነበበ።

«ጌታ ሆይ» አለ።

«ምንድነው?»

«ታቹን አላነበብኩትም ነበር።»

ታቹ ምን ይላል? እንዲህ ይላል፦ «ክሩን ከለወጣችሁ በኋላ የላካችኋቸው ጫማዎች ግን እስከ ዛሬ ከተቀበልነው ሁሉ ይበልጣሉ። የሰፉትን እጆች አመስግኑልን። የመጪውን ዓመት የልጆች ጫማ በሙሉ ለእናንተ ልንሰጥ እንፈልጋለን። በስፌት ክፍላችሁ ሰው መጨመር ትችላላችሁ? እስከ ዓርብ መልስ ካላገኘን ለሌላ ፋብሪካ እንሰጠዋለን።»

ነገ ዓርብ ነው!

አያችሁ? ይዘጋ የተባለው ክፍል፣ ይስፋ የተባለው ክፍል ነው! አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ላኪ፣ አንድ ቀን። ምትኩ ከላከው ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም። ግን ያ እውነት፣ ግማሹ ተቆርጦ ቢቀር ኖሮ፣ ስንት ቤት ያፈርስ ነበር?

ምትኩን ላብ አጠመቀው። «ታቹን ብቻ ቆርጬ አሁን የደረሰ አስመስዬ ብልከው ማንም አያውቅም» አለ፤ ለራሱ ይሁን ለእሷ አልታወቀም። ወይንሸት ቁጭ ብላ ታየዋለች።

ከዚያ ብድግ አለ። «ነይ እትዬ፣ አብረን እንግባ።»

ገቡ። «አቶ ልዑልሰገድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብዳቤውን ቆርጬ ነው የላክሁልዎ። መጨረሻውንም አላነበብኩትም። አሁን እንዳለ ልኬልዎታለሁ፣ ይክፈቱት።»

አቶ ልዑልሰገድ ከፈቱት። እስከ ታች አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ምትኩ የሥራ መልቀቂያውን በልቡ እየጻፈ ቆሟል። ምን ያሉት ይመስላችኋል?

«አሳጥርልኝ እያልኩ ያስለመድኩህ እኔ አይደለሁም?» አሉት። ወዲያው ወደ ወይንሸት ዞሩ። «ሰው መጨመር እንችላለን?»

«መኪናውን ይግዙልኝ እንጂ፣ ሴቱ መች ይጠፋል!»

መልሱ በዚያው ሰዓት ተላከ። ዓርብ ጠዋት ደንበኛው «ተስማምተናል» ብሎ ጻፈ።

ወይንሸት የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዳለ አትማ ወደ ስፌት ክፍሉ ወረደች። መኪናው ሁሉ እንዲቆም አዘዘች። ሴቶቹ ክፍሉ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ደርሷቸዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ሸጊቱ ሆዷን ደግፋ ቆማለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ወይንሸት ምስጋናውን ብቻ ልታነብላቸው ትችል ነበር። አላደረገችውም። ከ«ጤና ይስጥልኝ» ጀመረች። «ስፌቱ ተተርትሯል» የሚለውንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አንገታቸውን ደፉ። አላቆመችም። «የሰፉትን እጆች አመስግኑልን» የሚለው ላይ ስትደርስ ሸጊቱ እጆቿን አየቻቸው፤ የሰው እጅ ያየች ያህል አገላብጣ አየቻቸው። «ሰው መጨመር ትችላላችሁ?» ሲባል ግን ያ አዳራሽ በእልልታ ተናወጠ! የሚዘሉ አሉ፣ የሚተቃቀፉ አሉ። ከበሩ ላይ ደግሞ ምትኩ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ወገኖቼ፣ እኛስ? የሰው ቃል በእጃችን ሲያልፍ ምን እናደርገዋለን?

«እንዲህ አለችሽ» ብለን እናደርሳለን። አዎ፣ ብላለች። ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ማን ቆረጠው? ከዚያ በኋላ «ብትታረቀኝ ምነው» ብላ ማልቀሷን ማን ቆረጠው? በመካከላችን ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት ወንድማማች የተለያዩት በውሸት ሳይሆን በተቆረጠ እውነት ነው?

የእግዚአብሔርንስ መልእክት? ለወደቀው ወንድማችን ፍርዱን እንነግረዋለን፤ ምሕረቱን እንቆርጣለን። ሌሎቻችን፣ እኛ ሰባኪዎችም አለንበት፣ እልል የሚያስብለውን ብቻ እናስተላልፍና ተግሣጹን እንቆርጣለን። ማን ፈቀደልን? ደብዳቤው የእኛ ነው? እኛ መልእክተኞች ነን እንጂ ላኪዎች አይደለንም!

አንቺ እህቴ፣ «ጌታ ትቶሻል» ብለውሽ ከቤቱ የቀረሽው፣ አንተ ወንድሜ፣ የተግሣጹን መስመር ብቻ ስታነብ ዓመታት ያለፉብህ፣ ስሙኝ። ያነበባችሁት መጨረሻው አይደለም! ወደ ላኪው ሂዱ። ሙሉውን ጠይቁት። የገሠጻችሁ አምላክ ከተግሣጹ በታች የጻፈላችሁ አለ፤ ሥራ አለው ለእናንተ፣ ነገ አለው ለእናንተ፣ በስማችሁ ይጠራችኋል!

ግማሽ ቃል አድርሳችሁ ሰው ያሳዘናችሁም አላችሁ። ማን እንደሆነ ልባችሁ ያውቀዋል። ምናልባት አሁን እዚሁ አጠገባችሁ ተቀምጧል። ምን ትጠብቃላችሁ? ዞር በሉና የቀረውን ንገሩት።