ጃርቲት የቀሰቀሰችው ድንጋይ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። በዱሮ ዘመን ነው አሉ፤ አውሬው ሁሉ እንደ ሰው በሚነጋገርበት፣ ድንጋይም ሲጠሩት አቤት በሚልበት ዘመን። በአንድ ትልቅ ወንዝ ወዲህ ማዶ ዝሆን፣ ወዲያ ማዶ አንበሳ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ኃያላን ነበሩ። አይዋደዱም፤ ግን ወንዙ ሰፊ ስለሆነ አይጣሉም።

ከዕለታት አንድ ቀን ጅቦች ተነሡ። አንድ ሁለት ሆነው አይደለም፤ እንደ ጎርፍ ነው የመጡት። የዝሆንን ግልገል በሉ፣ የአንበሳን ደቦል በሉ፣ ያገኙትን ሁሉ በሉ። በዝሆን አገር፣ ከገደል ሥር ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር እመት ጃርቲት የምትባል ጃርት ነበረች። ምግብ ፍለጋ ወጥታ ስትመለስ ጉድጓዷ ተፈልፍሎ፣ ልጆቿ በሙሉ ተበልተው አገኘች። የቀረላት ገና ያልጠነከረው እሾሃቸው ነው፤ በአፈሩ ላይ ተበትኗል። ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመችው። እንባ አልወጣትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከማንም ጋር መሳቅ ተወች።

መከራው ሲበዛ ዝሆንና አንበሳ ወንዙ ዳር ተገናኙ።

«ጅብ እስኪጠፋ ድረስ ወንድሜ ነህ» አለ ዝሆን።

«ጅብ እስኪጠፋ ድረስ ወንድምህ ነኝ» አለ አንበሳ።

ተማማሉና ጦርነቱን ገጠሙ። ብዙ አለቀ። ከአንበሳ ወገን ያለቀውማ አይነገርም።

በዚህ መሃል ቁራ ወሬ ይዞ ወደ ዝሆን መጣ። «ጌታዬ፣ ጅቦች በተራራው ሆድ ውስጥ የተኛውን ድንጋይ እየፈለጉ ነው። እሱ ድንጋይ ከተነሣ አገር ያቃጥላል ይባላል። ካገኙት አለቀልን።»

ዝሆን ደነገጠ። ከእሱ አገር እንደ ጃርቲት አድርጎ የሚቆፍር የለምና እሷን አስጠራት።

«እመት ጃርቲት፣ ድንጋዩን ከጅቦች ቀድመሽ ታወጪልኛለሽ?»

«አወጣለሁ ጌታዬ» አለች፤ ለምን ብላም አልጠየቀች።

ጃርቲት ቆፈረች። ክረምቱ ገባ፣ ቆፈረች። ክረምቱ ወጣ፣ ቆፈረች። በመጨረሻ በሸክላ አፈር ተጠቅልለው የተኙ ጥቁር ድንጋዮች አገኘች፤ አንዱን ያዘች። የዱባ ያህል ነው። ስትነካው ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰውነት ይሞቃል። ሸክላውን በጥፍሯ መላጥ ስትጀምር ድንጋዩ ተናገረ።

«ጃርቲት፣ ተይኝ ልተኛ።»

«ጅቦች ልጆቼን በልተውብኛል።»

«የኔ መነሣት ልጆችሽን ይመልሳቸዋል?»

«የሌሎቹን ልጆች ያድናል።»

«እሺ፣ ከተነሣሁ በኋላ ማን መልሶ ያስተኛኛል?»

ጃርቲት እጇን ሰብሰብ አደረገች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ «ዝሆን ያስተኛሃል። አዋቂ ነው» አለችና መላጧን ቀጠለች።

ድንጋዩን ይዛ ስትወጣ ግን ጦርነቱ ወደ ማለቁ ነበር። ጅቦች ተገፍተው አንድ ሸለቆ ውስጥ ገብተዋል። የሚበሉት የላቸውም። በኋላ እንደታወቀውም ድንጋዩን መፈለጉን ከተዉት ቆይተዋል። አንበሳ «ዝናቡ ሲያባራ ወንዙን ተሻግሬ ከኋላቸው እገባባቸዋለሁ» ብሎ ልኳል።

«እንግዲህ ምን ያደርግልናል?» አለች ጃርቲት። «ጅቦቹ ተሸንፈዋል።»

ዝሆን ጆሮውን አርገበገበ። «ተሸንፈዋል፤ ግን እጅ አልሰጡም። እዚያ ሸለቆ ከገባሁ ስንት ልጅ ይሞትብኛል? ደግሞም...» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «አንበሳ ቀድሞ ከገባ ሸለቆው የእሱ ሆኖ ይቀራል። ጉልበቴን አሁኑኑ ቢያይ ጥሩ ነው።»

«እንደሱ ከሆነ ባዶው ሜዳ ላይ ይወርውሩት። ጅቦቹ ያዩታል፤ አንበሳም ያየዋል። ማንም ሳይሞት ይበቃል።»

«ሜዳ ላይ ወርውሬው ባይነሣስ? መሳቂያ ልሆን ነው?»

ጃርቲት ሌላ የምትለው ነበራት። ግን የልጆቿ እሾህ ትዝ አላት። ድንጋዩን ከዝሆኑ ኩምቢ ሥር አስቀምጣ ወደ ኋላ አለች።

ጠዋት ላይ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ዝሆን ድንጋዩን ወረወረው። ከፀሐይዋ የበለጠች ሌላ ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ወጣች። ከዚያ ድምፅ መጣ። ከዚያ ዝም አለ።

አገሩ ሁሉ ጨፈረ። «ጦርነቱ አለቀ!» ተባለ፤ እውነትም አለቀ። ጃርቲት ግን ሳይነግሯት ወደ ሸለቆው ወረደች። ሣሩ የለም። ዛፉ የለም። አንድ ትልቅ ቋጥኝ ላይ የጅብ ጥላ አየች፤ ጅቡ የለም፣ ጥላው ብቻ ቀርቷል። ጠጋ ብላ ስታይ ከጥላው ሆድ ሥር ሌላ ትንሽ ጥላ አለ። እናቲቱ ልጇን ልትሸፍን አጎንብሳ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ጃርቲት ያለቀሰችው። ለራሷ ልጆች ይሁን ለጅቧ ልጅ፣ እሷም አታውቀውም።

በማግስቱ አንበሳ ወንዙ ዳር መጣ። አላገሳም። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ ቀስ ማለቱ የበለጠ ያስፈራል።

«ወንድሜ ዝሆን፣ ትናንት ያየሁት ብርሃን ምንድን ነው?»

«ጠላታችንን ያጠፋሁበት ነው።»

«አብረን ስንዋጋ፣ አብረን ስንቀብር፣ ይህንን ስትሠራ አልነገርከኝም?»

«ምስጢር ነበር።»

«ከማን የሚደበቅ?»

 አንበሳ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ጃርቲት ዝሆን ፊት ቀርባ ለመነች። «ጌታዬ፣ ለአንበሳ ይንገሩት። ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ በተራራው ሆድ የቀሩትን ድንጋዮች መንገድ ዝጉባቸው። አሁን ካልሆነ ሌላ ጊዜ አይሆንም።»

«አንበሳ መቆፈር መች ያውቅና! እሱ እስኪያገኘው አንድ ዘመን ያልፋል» አለ ዝሆን።

አንድ ዘመን አላለፈም። ከጃርቲት ጋር ሲቆፍር የነበረ ሸለመጥማጥ «ይህ ነገር በአንድ እጅ ብቻ ከቀረ ሁላችንንም ባሪያ ያደርገናል» ብሎ አስቦ፣ የተራራውን መንገድ በድብቅ ለአንበሳ ነገረው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወንዙ ማዶ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሌላ ፀሐይ ወጣች።

ዝሆን አየ። «ሁለት ድንጋይ አምጡልኝ» አለ።

አንበሳ ሰማ። «አራት ቆፍሩ» አለ።

ዝሆን ሰማ። «የተራራውን ሆድ ባዶ አድርጉት» አለ።

ግጦሹ ተረሳ፤ ምንጩ ደፈረሰ። ሕፃን ሆኖ የሚጫወት ጠፋ፤ ሁሉም ቆፋሪ ሆነ። ጃርቲት ግን «አልቆፍርም» አለች። ዝሆን ተቆጥቶ «የአንበሳ ወዳጅ ነሽ» ሲል ከአደባባዩ አባረራት። ሄዳ በወንዙ መሃል ባለች ደሴት ላይ፣ ከቆቆች ጋር መኖር ጀመረች። ቆቆች ጉልበት የሌላቸው፣ ማንንም የማይነኩ ነበሩ። እዚያ ትንሽ አረፈች።

ዕረፍቷ ግን አልቆየም። ዝሆን በአንበሳ ደጃፍ ባለው የዝንጀሮዎች ኮረብታ ላይ ድንጋዮቹን ደረደረ። አንበሳ ይህን ሲያይ በደሴቲቱ ላይ፣ ከዝሆን አፍንጫ ሥር፣ የራሱን ደረደረ። የቆቆች እናት ወደ ጃርቲት እየሮጠች መጣች።

«እመቤቴ፣ ከጎጆዬ በላይ አስቀመጡት! ልጆቼን የት ልውሰዳቸው?»

ጃርቲት ወዲያና ወዲህ አየች። በወዲህ ማዶ ዝሆን ድንጋይ በኩምቢው አንሥቶ ቆሟል። በወዲያ ማዶ አንበሳ ድንጋይ በመዳፉ ይዞ ቆሟል። አንዱም አይናገር፤ አንዱም ዓይኑን አይነቅል። ወንዙ እንኳ ድምፁ የቀነሰ ይመስላል።

«የት ትወስጃቸዋለሽ?» አለች ጃርቲት። «የሚወሰዱበት የለም። ነይ፣ አብረን እንቀመጥ።»

ከድንጋዮቹ ሥር ተቀመጠች። የቆቋን ጫጩቶች እሾኋን አጥፋ በሆዷ በኩል ሰበሰበቻቸው። ከበላይዋ ያለው ድንጋይ ተናገረ።

«ጃርቲት፣ ያን የመጀመሪያውን ድንጋይ ዝሆን ያስተኛሃል ብለሽው ነበር።»

«ብዬው ነበር። አላወቅሁም ነበር።»

«አሁንስ ማን ነው?»

ጃርቲት ቀና ብላ ባላት ጉልበት ጮኸች። «ዝሆን ሆይ! አንበሳ ሆይ! እኔ እዚህ ነኝ። ቆቋም ከነልጆቿ እዚህ ናት። ከመወርወራችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ። ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁለቱም ወደ ደሴቲቱ ዞረው አዩ።

«ተዋደዱ አልልም። ምን ልታደርግ ነው ተባባሉ።»

«ቢዋሸኝስ?» አለ ዝሆን።

«ቢዋሽዎትም ድምፁን ይሰማሉ።»

 ዝሆን ኩምቢው በድንጋዩ ክብደት ዝቅ ዝቅ ማለት ጀምሮበት ነበር። በመጨረሻ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ተጣራ። «አንበሳ! ምን ልታደርግ ነው?»

ከማዶ ድምፅ መጣ። «አንተስ ምን ልታደርግ ነው?»

«እኔማ አንተ እስክትወረውር እየጠበቅሁ ነው።»

 «እኔም አንተን ነው የምጠብቀው» አለ አንበሳ። «ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አለ ዝሆን።

ዝሆን ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። አንበሳም ከደሴቲቱ የራሱን አነሣ፤ ዝሆንም በነጋታው፣ ማንም ሳያይ፣ ከዝንጀሮዎቹ ኮረብታ የራሱን አነሣ። የቆቋ ልጆች ከጃርቲት ሆድ ሥር ወጥተው ጥሬ መልቀም ጀመሩ።

ጃርቲት ዕድሉን ላሳልፈው አላለችም። «እንግዲያው ሁሉንም ወደ ተራራው እንመልስ» አለች።

«እሱ አስቀድሞ ይመልስ» አለ ዝሆን።

«እሱ አስቀድሞ ይመልስ» አለ አንበሳ።

ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ ሦስት ጊዜም ይህንኑ መለሱላት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። በአንድ ነገር ብቻ አስማማቻቸው። በየማለዳው ዝሆን ከወዲህ «አለህ?» ብሎ ይጣራል፤ አንበሳ ከወዲያ «አለሁ» ይላል። ከዚያ ደግሞ አንበሳ ይጠይቃል፤ ዝሆን ይመልሳል። ጃርቲት ደሴቲቱ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ድምፅ ሳትሰማ ቁርስ አትቀምስም ነበር። አርጅታ እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ኖረች። እሷ ከሞተች በኋላ ማለዳ የሚያዳምጡት ቆቆቹ ሆኑ።

ዝሆኑም አለ፣ አንበሳውም አለ፤ ድንጋዮቹም ነቅተው በየደጃቸው ተቀምጠዋል። እስካሁን ይጣራሉ። አንዳንድ ማለዳ መልሱ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ በአገሩ ያለች እናት ሁሉ ልጇን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ በጦርነት ጊዜ ለጠላት ተብሎ የተሠራ ነገር ጠላት ሲያልቅ አብሮት አያልቅም። በወዳጅ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ የሰማችሁትን ደግሞ እናንተ፣ ማለዳ ለሚነቁት ሁሉ አድርሱልኝ።