መኪናዬን ይቅርታ ጠይቂ

ደምመላሽ የሚባል ሀብታም ዝቅ ያለች ቀይ የስፖርት መኪና አስመጣ። ቤንዚን ሊቀዳ ማደያ ሲደርስ የመኪኖቹ ሰልፍ እስከ ድልድዩ ደርሷል። እሱ ደግሞ ሰልፍ አይወድም። ክላክሱን እያስጮኸ ወደ ባጃጆቹ ሰልፍ ታጠፈና ሁሉንም ገፍቶ ፊት ተገተረ።

“ቶሎ ሙይልኝ!” አላት ቤንዚን ቀጂዋን።

እሷም እጇ እንደለመደው ለባጃጆቹ የምትቀዳውን፣ ደረጃው ዝቅ ያለውን ቤንዚን ሞላችለት። መኪናዋ ከማደያው ሳትወጣ ጉንፋን እንደያዘው በግ አስነጥሳ ቀጥ አለች።

ደምመላሽ ወርዶ አገር ይያዝልኝ አለ። “ይህቺ እኮ በመኪኖቹ በኩል ካለው ምርጥ ቤንዚን በቀር አትጠጣም! አሁኑኑ ተንበርክከሽ መኪናዬን ይቅርታ ጠይቂ፤ አለዚያ ከሥራሽ አስባርርሻለሁ!”

የማደያው ሥራ አስኪያጅም ከኋላው ሆኖ “ኧረ ጠይቂ፣ ምን ቸገረሽ!” አላት።

ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ያያሉ። ቀጂዋ ተንበረከከችና የመኪናዋን አፍንጫ ዳበስ አደረገች።

“እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ከባጃጆች ጋር ስትጋፊ ሳይሽ ባጃጅ መስለሽኝ ነው። አንቺን የመሰለች መኪና ይዞ ባጃጅ ሰልፍ ውስጥ የሚገባ ጤነኛ ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?”