ለአንዲት አቮካዶ የተነፋ ጡሩምባ

ተረት ተረት። «የላም በረት» የምትሉ በሉ፤ በኔ ተረት ውስጥ ግን ላም የለችም። ያለችው ቆጥ ላይ የወጣች አንዲት አቮካዶ ናት። ኩራቷ ግን ከላምም ከበረትም ይበልጣል።

ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሰፈር ነበረ። በዚያ ሰፈር ስንቅነሽ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። የስንቅነሽ ድምፅ ትንሽ ነው። ስትናገር ሰዎች ትንኝ ያለፈች ይመስላቸውና በእጃቸው እሽ ይላሉ። አንድ ቀን እናቷን ወባ ያዛት። ጤና ጣቢያ ኪኒን ሰጧትና ነርሷ «ይህ በባዶ ሆድ አይዋጥም፤ ቅባት ያለው ነገር ቀምሰሽ ዋጪው» አለቻት። ቤት ስትገባ ግን እንጀራው መረራት፣ ገንፎው መረራት፣ ሾርባው ገና ሳይወርድ ተመለሰ። ኪኒኑ ሳህን ላይ ተቀምጦ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች። ትኩሳቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ ይጨምራል።

«እማ፣ ምን ባመጣልሽ ትበያለሽ?» አለች ስንቅነሽ።

«አቮካዶ። በጁስ አይደለም፣ በሰላጣ። ሽንኩርቱ ደቀቅ ብሎ፣ ቲማቲም ጣል ተደርጎበት፣ ሎሚ ተጨምቆበት። እሱ ብቻ ነው አፌን የሚከፍትልኝ።»

ይኸው ነው። ከዚህ ያነሰ ፍላጎት ያለው ሰው ካለ እኔ አላየሁም። ሽንኩርት ቤት ውስጥ አለ፣ ቲማቲም አለ፣ ሎሚ ደጅ ላይ አለ። አቮካዶም ቆጥ ላይ፣ ጭድ ውስጥ ተቀብራ የበሰለች አንዲት አለች። ሌሎቹ ገና ድንጋይ ናቸው።

ስንቅነሽ ከቆጡ ሥር ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። እጇ አይደርስም፣ መሰላል የላቸውም። «አቮካዶ፣ እባክሽ ውረጂልኝ። ለእማ ሰላጣ ልሥራብሽ» አለች።

አቮካዶዋ ጭዱን ገለጥ አድርጋ ቁልቁል አየቻት። «ሰላጣ? ከሽንኩርት ጋር? እኔ እኮ የጁስ ቤት ሰው ነኝ። ረጅም ብርጭቆ ውስጥ፣ ከላይ ማንጎ፣ ከታች ፓፓያ፣ መሃል ላይ እኔ። ከተሜው እግሩን አነባብሮ በማንኪያ ሲጠራኝ ነው የምሄደው። አንቺ ከቲማቲም ጋር ልታጋፊኝ ነው? ሂጂ ወደዚያ።»

ቆዳዋ የአዞ ጀርባ ይመስላል። ከሰውነቷ ግማሹ የማይበላ ፍሬ ነው። እሷ ናት እንግዲህ ሽንኩርት የምትንቀው።

ስንቅነሽ ወደ ደጅ ወጣች። ደጅ ላይ ሜንጦው ቆሟል። ሜንጦ ማለት ጫፉ ቆልመም ያለ፣ ከላይ ያለ ነገር የሚወርድበት ረጅም እንጨት ነው። ይህኛው የልብስ ማስጫውን ገመድ ደግፎ ነው የቆመው።

«ሜንጦ፣ አቮካዶን ሳባት። አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

«ማነው? ንፋስ ነው?» አለ ሜንጦው። «ኧረ አንቺ ነሽ። ጮክ በይ እንጂ። ሥራ ላይ መሆኔ አይታይሽም? የሰፈሩን ልብስ ተሸክሜ ነው የቆምኩት። እኔ ባልኖር ይህ ሰፈር ራቁቱን ነበር የሚሄደው። ለአንዲት አቮካዶ ብዬ አልስብም።»

ገመዱ ላይ ተሰጥቶ የነበረው አንድ ካልሲ ነው። ጓደኛው እንኳ አልነበረም።

ስንቅነሽ ወደ ጎረቤት ግቢ ገባች። እዚያ ግንድ ላይ የተሰካ መጥረቢያ አለ። እጀታው ላይ ዶሮ ሰፍራበታለች።

«መጥረቢያ፣ ሜንጦን ፍለጠው። ሜንጦ አልስብም አለ፣ አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

«ሜንጦን?» አለ መጥረቢያው። «እኔ ዋርካ የጣልኩ ነኝ። ለስንጥር አልነሳም። ደግሞስ ያለ ሰው እጅ ብድግ ብዬ ብሄድ፣ ሰው ምን ይለኛል? ጌታዬን ጥሪ። አልፈልጥም።»

ዋርካውን የጣለው መብረቅ ነው። መጥረቢያው ያን ቀን ዝናብ ፈርቶ ቤት ውስጥ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ የፈለጠው ነገር ቢኖር የዶሮዋን እንቅልፍ ነው።

የመጥረቢያው ጌታ ጋሽ ደምረው ናቸው። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የሚጫወቱት ከራሳቸው ጋር ነው። እየተሸነፉም ነበር።

«ጋሽ ደምረው፣ መጥረቢያውን ያንሱልኝ። መጥረቢያ አልፈልጥም አለ፣ ሜንጦ አልስብም አለ፣ አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

«ቆይ ልጄ፣ አንድ ቆርኪ ልበላ ነው» አሉ። በሉ። የተበላባቸውም እሳቸው ናቸውና ትንሽ አዘኑ። «ምን አልሽኝ? መጥረቢያ? ወገቤን እኮ ያመኛል። ይህ ወገብ የሻረግ ካልጮኸችበት አይነሳም፤ ከተጋባን ጀምሮ የለመደው እንዲህ ነው። እሷን ጥሪያት። ትጩህብኝና አነሳዋለሁ። ሳትጮህ ግን አላነሳም።»

እትዬ የሻረግ የጋሽ ደምረው ሚስት ናቸው። ጎመን እየቀነጠሱ ነው። ባለቤታቸውን ካኮረፉ ሰንብተዋል። ኩርፊያው የመጣው በድስት ክዳን ነው። ክዳኑ ጠፋ፣ ተኮረፈ፤ ክዳኑ ተገኘ፣ ኩርፊያው ግን እንዳለ ቀረ።

«እትዬ የሻረግ፣ ጋሽ ደምረው ላይ ይጩሁባቸው። ጋሽ ደምረው አላነሳም አሉ፣ መጥረቢያ አልፈልጥም አለ፣ ሜንጦ አልስብም አለ፣ አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

«በምኔ ልጩህ፣ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ የሻረግ። «አኩርፌዋለሁ እኮ። አንዲት ስድብ ብትወጣኝ ‹ታረቀችኝ› ብሎ ሰፈሩን ይዞራል። እኔ ነኝ ቀድሜ የምሰድበው? ሽማግሌ ይግባና ያስታርቀን፤ ከዚያ በኋላ ስድቡን ታያለሽ፤ ተጠራቅሟል። አሁን ግን አልጮህም። እናትሽን እግዜር ይማርሽ በያት።»

ሁሉም «እግዜር ይማርሽ» ይላል። እግዜር ይማር እንጂ፣ ሜንጦ ይስብ ዘንድ የሚነሳ የለም።

ስንቅነሽ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደች። ዳኛው አባባ ይርሳው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ደጅ፣ ወንበር ላይ፣ ከዘራቸውን በሁለት እግራቸው መሃል ተክለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ድንኳኑ፣ ትልልቁ ድስት፣ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ተቆልፎበታል።

«ባጭሩ ተናገሪ» አሏት ገና አፏን ሳትከፍት።

«አጭር አይደለም፣ አባባ» አለች ስንቅነሽ። «እትዬ የሻረግን ያስታርቁልኝ። እትዬ የሻረግ አልጮህም አሉ፣ ጋሽ ደምረው አላነሳም አሉ፣ መጥረቢያ አልፈልጥም አለ፣ ሜንጦ አልስብም አለ፣ አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

አባባ ይርሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የጠየቅሽኝ ሽምግልና ነው። ሽምግልና በስብሰባ ነው። ስብሰባ በጥሪ ነው። ጥሪ በጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ሳይነፋ ከዚህ ወንበር ብነሳ ደንብ መጣሴ ነው። ደንብ ከጣስኩ ደግሞ ነገ ማን ይቀብረኛል?»

«እማ ታማለች እኮ፣ አባባ።»

«ምን አልሽ? አይሰማኝም። ሂጂ ወደ ልመንህ። ጡሩምባ ካልነፋ አላስታርቅም።»

አያ ልመንህ የሰፈሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞሩ የሚነፉት እሳቸው ናቸው። ሕያው ሰው የሚመጣባቸው ከስንት አንዴ ነው። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተጋድመዋል፤ ጡሩምባው ከራሳቸው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«አያ ልመንህ፣ ጡሩምባውን ይንፉልኝ። አባባ ይርሳው አላስታርቅም አሉ፣ እትዬ የሻረግ አልጮህም አሉ፣ ጋሽ ደምረው አላነሳም አሉ፣ መጥረቢያ አልፈልጥም አለ፣ ሜንጦ አልስብም አለ፣ አቮካዶ አልወርድም አለች፣ እማ አልበላችም፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ ነው።»

አያ ልመንህ ባርኔጣቸውን ሳያነሱ «እናትሽ ሞታለች?» አሉ።

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው ለምን ቀሰቀስሽኝ? ይህ ጡሩምባ ለታመመ አይነፋም፤ ለሞተ ነው። ስትሞት ነይ። ያኔ ለእናትሽ አሳምሬ ነው የምነፋላት። ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ እንጨቱ ይፈለጣል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል። አንድም ሰው አይቀርም። እስከዚያ ግን ለአቮካዶ ብዬ አልነፋም።»

ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ስንቅነሽ ቆማ አሰበች። ከአያ ልመንህ ቀጥሎ የሚኬድበት መቃብር ብቻ ነው። ሰፈሩ ለእናቷ ሊነሳ ዝግጁ ነው፤ እንጨቱ ይፈለጣል፣ ወገቡ ይቃናል፣ ኩርፊያው ይፈታል። የሚጠብቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ እንድትሞት።

«እንግዲያው እኔ ልንፋው?» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር አያ ልመንህ አልሰሙም። ዝም አሉ። ዝምታ ደግሞ እሺ ማለት ነው።

ጡሩምባውን ከሚስማሩ አወረደችና ነፋች። ከጠዋት ጀምሮ ጮክ በይ ስትባል የዋለችው ሁሉ፣ ያልተሰማላት ሁሉ፣ አንድ ላይ ወጣ። ዶሮዋ ከመጥረቢያው እጀታ ላይ ወደቀች። አያ ልመንህ ከተጋደሙበት ተነስተው «ማን ሞተ?» አሉ። ስንቅነሽ ነፋች እንጂ ሞተ አላለችም። ከዚያ ጡሩምባውን ወደ ሚስማሩ መልሳ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ከዚህ በኋላማ ማን ቻላቸው። ጡሩምባው ተነፋ፤ አባባ ይርሳው ከወንበራቸው ተነሱ። አባባ ይርሳው ተነሱና በእትዬ የሻረግ በር ሲያልፉ «ሴትዮ፣ ታረቂ፤ ሰው ሞቷል!» አሉ። ሽምግልናው ይኸው ነበር፤ ለዚህ ነው ስብሰባ ያስፈለገው። እትዬ የሻረግ ታረቁና የተጠራቀመውን ስድብ በጋሽ ደምረው ላይ ለቀቁት። ጋሽ ደምረው ወገባቸው ቀና አለ፣ ቆርኪው ተበተነ፣ መጥረቢያውን አነሱ። መጥረቢያው ለልቅሶ ቤት ማገዶና ለድንኳን ካስማ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ዓይኑን ሲያዞር ሜንጦን አየው። ሜንጦ መጥረቢያውን ሲያይ ካልሲውን ጥሎ ወደ ቤት ገባና አቮካዶን ሳበ። አቮካዶ ከነኩራቷ፣ ከነብርጭቆዋ፣ ከነማንጎዋ ስንቅነሽ የዘረጋችው ሽርጥ ውስጥ ዱብ አለች።

ስንቅነሽ ቢላዋውን በአቮካዶዋ ዙሪያ አዞረችና በሁለት እጇ ጠምዘዝ አደረገቻት። ለሁለት ተከፈለች። ያ ትልቁ ፍሬ ከሆዷ ወጣ፤ ከሱ በኋላ የሚያኮራ ነገር አልተረፋትም። ስንቅነሽ በማንኪያ ፍቃ ሳህን ላይ እያወጣቻት ሳለ በሩ በሰው ሞላ። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ እህቴን፣ ምነው ሳልጠይቅሽ» እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ጋሽ ደምረው ከነመጥረቢያቸው፣ ከሳቸው ኋላ አባባ ይርሳው፣ ከሁሉም ኋላ ጡሩምባቸውን ይዘው አያ ልመንህ።

እናትየዋ አልጋ ላይ፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ለቅሶኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ማንን ልትቀብሩ ነው?»

ጋሽ ደምረው መጥረቢያውን ከጀርባቸው ደበቁ፤ ረጅም ስለሆነ ግን አልተደበቀም።

«ለማልቀስ ከሆነ የመጣችሁት እንባው በከንቱ አይሂድ» አለች እናትየዋ። «ሽንኩርቱ እዚያ ነው። ተቀምጣችሁ ክተፉልኝ። ደቀቅ ይበል።»

ከተፉ። አለቀሱም። እትዬ የሻረግ ከሁሉም በላይ አለቀሱ፤ ጋሽ ደምረው ደግሞ በእጅጌያቸው እንባቸውን ሲጠርጉላቸው «እጅህ ቆርኪ ቆርኪ ይላል» ብለው ሰደቧቸው። አባባ ይርሳው ቲማቲም ያዙ። አያ ልመንህ የሚሠሩት ቢጠፋቸው ሎሚ እንዲጨምቁ ተሰጣቸው፤ የዚያን ቀን ለሥራ የመጀመሪያ ትንፋሻቸውን ያወጡት ያኔ ነው። ስንቅነሽ ሽንኩርቱን በጨው አሽታ አለቀለቀችው፣ ሁሉንም ከአቮካዶዋ ጋር ቀስ አድርጋ ቀላቀለችው፣ ሎሚውንም አፈሰሰችበት። ሎሚ አቮካዶን ከመጥቆር ያድናታል። ለናቀችው ሰላጣ ካልሆነች ደግሞ ሎሚ ማን ይሰጣታል?

እናትየዋ ቀመሰች። አልተመለሰም። ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ኪኒኑን ከሳህኑ ላይ አንስታ በውሃ ዋጠችው።

ለቅሶኞቹ ሰላጣውን በዓይናቸው እየተከተሉ ቆሙ። አቮካዶዋ አንዲት ናት፣ ታማሚዋም አንዲት ናት፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

አባባ ይርሳው ባዶ እጃቸውን መሄድ አልፈለጉም። ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «ያም ሆነ ይህ፣ ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ማስነፋት በዕድሩ ደንብ ያስቀጣል» አሉ።

«እሺ፣ አባባ ይርሳው» አለች እናትየዋ ሳህኑን በማንኪያ እየጠረገች። «ቅጣቴን ስሞት ትቀበሉኛላችሁ። ያኔ አንዳችሁም እንደማትቀሩ ዛሬ አይቻለሁ።»

እናቷ በላች፣ ኪኒኑም ሳህን ላይ የለም። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱት። የምታብሱበት ነገር ካላችሁ ሳልሞት አምጡት።