በሬ የሚያስወስደው ቃል

አንድ ቀን ጭቃ ሹም ውበቱ በማለዳ ተነሱና አዋጅ አስነገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ መንደር ወረደ፣ ወደቀ፣ ቁልቁል፣ ታች የሚባል ቃል እንዳልሰማ! ማንም ይሁን ማን፣ የተናገረ አንድ በሬ ይነጠቃል!» ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሰውዬው ከሹመቴ እወርዳለሁ እያሉ ሌት ተቀን ይሰጋሉ፤ ቃሉ ሟርት ሆኖ ታያቸው። እስቲ አሁን ከጭቃ ሹም በታች ምን ሹመት አለና ነው? ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው!

ሰው የማይለምደው የለም፣ ይህንንም ለመደው። ውኃ ቀጂዋ እንስራዋን አዝላ «ወንዝ ልወጣ ነው» ትላለች። ጭቃ አድጦት የተዘረጋው ሽማግሌ «ምን ሆኑ አባቴ?» ሲባል «መሬት መጣችብኝ» ይላል።

አያ አላምረው የሚባል ገበሬ ግን አመለጠው። ዝናብ ጠፍቶ ሰንብቶ፣ ሰኔ ላይ ድንገት ዶፉ ሲለቀው፣ «ተመስገን፣ ወረደልን!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የጭቃ ሹሙ ሎሌዎች ከጥማዱ አንዱን በሬ ነድተው ወደ ጌታቸው ግቢ ወሰዱበት። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስ! ምስኪን፣ የዘር ጊዜው እንዳያልፈውና ልጆቹ እንዳይራቡበት መሬቱን በመቆፈሪያ ይቧጥጥ ጀመር።

ጭቃ ሹሙ ለሹመት ብቻ ሳይሆን ለማርም ይሳሱ ነበር። «ማር ቆራጭ ልሶ ይጨርስብኛል» ብለው ቀፏቸውን ራሳቸው ሊቆርጡ አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ በመሰላል ወጡ። ንቡ ግር ብሎ ሲወጣባቸው ደንግጠው መሰላሉን በእግራቸው ገፉት። ቅርንጫፍ አቅፈው ሲንቀጠቀጡ አላምረው መቆፈሪያውን ተሸክሞ በዚያ ሲያልፍ አዩት።

«አላምረው! ቶሎ በል፣ መሰላሉን አቁምልኝ!»

«ምን ሊያደርጉበት ጌታዬ? ከዚያ ወዲያ የሚወጡበት ቅርንጫፍ እንኳ የለ።»

«ልመጣ ነዋ!»

«ወዴት ጌታዬ?»

«ወዳንተ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«እኔ ያለሁበት ቦታ እኮ ስሙ አይጠራም። እንዲህ ያለ ቦታ ለእርስዎ አይሆንም።»

ይኸኔ አንዲት ንብ ከንፈራቸውን ጠቅ አደረገቻቸው።

«ኡ ኡ! አውርደኝ! ኧረ በማርያም አውርደኝ!»

አላምረው መቆፈሪያውን አስቀመጠና ግራ ቀኙን ቃኘ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ ሰው ይሰማል» አላቸው። «ሁለቴ አሉት፤ ሁለት በሬ መሆኑ ነው። እኔ ግን ጨካኝ አይደለሁም፤ የራሴው አንዱ ይበቃኛል።»

ጭቃ ሹሙ ከዋንዛው ላይ ሆነው ወደ ግቢያቸው ዞሩና፣ «ኧረ በሬውን ፍቱለት!» ብለው ጮሁ።