ብርቱካን ካልገባ ኮክ አይወጣም

«የለመነ አፍና የቆፈረ እጅ ባዶውን አይመለስም» ይል ነበር አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ የእኛን ሰፈር ጓሮ ግን አንኳኩቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የተከለችው ብርቱካን ከሥሩ መድረቅ ጀመረ። ግንዱ ደረቀ፣ አናቱ ደረቀ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ለምለም ሆና ቀረች። እሷን ቆርጬ የሎሚ ችግኝ ላይ በመሰካት ካዳቀልኋት የእናቴ ብርቱካን ይተርፋል። አለዚያ በሳምንቱ ማገዶ ነው። እንግዲህ የምፈልገው አንድ የሎሚ ችግኝ ነው። አንድ።

ጸሎቴን አድርሼ ሎሚ ወዳላቸው ወደ እትዬ አንጓች ሄድሁ።

«እሰጥህ ነበር ቢምረው» አሉኝ። «ግን ተክል ከግቢ ዝም ብሎ ሲወጣ በረከቱም አብሮ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባ። ከአያ ተመቸ ዘይቱን አምጣልኝ። ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም።»

ወደ አያ ተመቸ ሄድሁ። «አንድ የዘይቱን ችግኝ፣ አያ ተመቸ። ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም፣ ሎሚ ካልወጣ ብርቱካኔ አይድንም።»

አያ ተመቸ አጥሩን ተደግፎ ሳቀ። «ለአንጓች ነው? ዶሮዋ ጎመኔን ስትጨርስ ለእኔ ምን ገባልኝ? ይሁን፣ ከመሪጌታ ወይን አምጣ። ወይን ካልገባ ዘይቱን አይወጣም።»

መሪጌታ ልሳነወርቅ ከወይናቸው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እስኪጨርሱ ቆምሁ። እኔን ሲያዩ ረጅሙን መዝሙር የመረጡ መሰለኝ።

«መሪጌታ፣ አንድ የወይን ሐረግ ይቁረጡልኝ። ወይን ካልገባ ዘይቱን አይወጣም፣ ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም፣ ሎሚ ካልወጣ ብርቱካኔ አይድንም።»

«ልጄ፣ ስስት ኃጢአት ነው» አሉ። ደስ አለኝ። «ስለዚህ የውብዳር ስስቷን ትታ ሮማን ትላክልኝ። ሮማን ካልገባ ወይን አይወጣም።»

ወይዘሮ የውብዳር ልብስ ታሰጣለች። «ሮማን ስጭኝ እቴ። ሮማን ካልገባ ወይን አይወጣም፣ ወይን ካልገባ ዘይቱን አይወጣም፣ ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም፣ ሎሚ ካልወጣ ብርቱካኔ አይድንም።»

«ለመሪጌታ? አምና የሰጠኋቸውን በጸሎት ብቻ አሳድገው ገደሉት። ጠብታ ውኃ አላየም» አለች። «ለማንኛውም ከባሻ ይርዳው ኮክ ይግባልኝ። ኮክ ካልገባ ሮማን አይወጣም።»

ባሻ ይርዳው የጥንት ወታደር ናቸው። ቀጥ ብዬ ቆሜ አቀረብሁ። «ኮክ ካልገባ ሮማን አይወጣም፣ ሮማን ካልገባ ወይን አይወጣም፣ ወይን ካልገባ ዘይቱን አይወጣም፣ ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም፣ ሎሚ ካልወጣ ብርቱካኔ አይድንም።»

«ድገመው» አሉ። ደገምሁት።

«ከእናትህ ብርቱካን አምጣ። ከመንደሪኔ ጋር አዳቅለዋለሁ። ብርቱካን ካልገባ ኮክ አይወጣም።»

ደሜ ፈላ። «ያለችኝ አንዲት ቅርንጫፍ ናት፣ ባሻ። ብርቱካንማ አይወጣም» ብዬ ጥያቸው ሄድሁ።

ደጄ ላይ አንድ የማላውቀው መንገደኛ ቆሟል። ጫማው አቧራ ለብሷል። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ገና አፉን ከመክፈቱ ያዝሁት። «ስማኝማ ወንድሜ፣ የዚህን ሰፈር ጉድ። ብርቱካን ካልገባ ኮክ አይወጣም፣ ኮክ ካልገባ ሮማን አይወጣም፣ ሮማን ካልገባ ወይን አይወጣም፣ ወይን ካልገባ ዘይቱን አይወጣም፣ ዘይቱን ካልገባ ሎሚ አይወጣም፣ ሎሚ ካልወጣ ብርቱካኔ አይድንም። ብርቱካን ደግሞ እኔ አላወጣም።»

ሰውየው ምራቁን ዋጠና ወደ ቅርንጫፏ ተመለከተ። «ስንት ዓይን አላት?» አለኝ። ዓይን የሚለው በየቅጠሉ ብብት ያለችውን ትንሽ እብጠት ነው። «ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ለማዳቀል አንድ ዓይን ይበቃል፤ አንድ ዓይን አንድ ዛፍ ነው።»

ቆጠርሁ። አሥራ አንድ። አማተብሁ። ሰፈሩን ሁሉ ስስታም ስል የዋልሁት አሥራ አንድ ዛፍ ይዤ ነው።

ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ አንዷን ዓይን ከነልጣጯ አነሣልኝ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሮጥሁ። ብርቱካን ገባ፣ ኮክ ወጣ። ኮክ ገባ፣ ሮማን ወጣ። ሮማን ገባ፣ ወይን ወጣ። ወይን ገባ፣ ዘይቱን ወጣ። ዘይቱን ገባ፣ ሎሚ ወጣ። ሰዎቹም ወጡ፤ አምስቱም እየተነታረኩ ተከትለውኝ መጡ።

መንገደኛው የሎሚውን ልጣጭ ሰንጥቆ ከቅርንጫፏ ሌላ ዓይን አንሥቶ አስገባና በፌስታል ቁራጭ ጠፍሮ አሰራት። ያቺ ዓይን ዛሬ ስንዝር አልፋለች፤ የእናቴ ብርቱካን ተረፈ። የቀሩትንም ዓይኖች ያን ዕለት ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጠሁ፤ ምንም ሳይገባ።

ሥራው ሲያልቅ «እግዜር ነው የላከህ» አልሁት። «በል ከጓሮዬ የምትፈልገውን ንገረኝ።»

ሰውየው ሰንጢውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አባቴ፣ እኔ እኮ ደጅዎ የቆምሁት የሚጠጣ ውኃ ልለምን ነበር።»